እየመለሰ ነው

ቅዳሜ ጠዋት በእኛ ኮንዶሚኒየም ሁሉም ነገር ዝም ይላል። ሊፍቱ የፎቁን ቁጥር አይጠራም። ቧንቧው በታንከሩ ስንት ውሃ እንደቀረ አይናገርም። ደረጃው ላይ ለወጣ ለወረደው ደህና አደራችሁ የሚለው ድምፅ ይጠፋል። የምስል ሰዓት ነው። እያንዳንዱ ቤት ዕቃውን ሁሉ የሚያናግረውን ሳጥኑን ያስተኛል፤ ሳጥኑም የራሱን ምስል ያነሳል። ያን ጊዜ በአዳማ ላይ የሚሰማው ነፋሱ ብቻ ነው። ሰውም አብሮ ዝም ይላል። ያዘዘን የለም፤ ግን በምስል ሰዓት ጮክ ብሎ ማውራት ነውር ሆኗል። በረንዳ ላይ ወጥተን በእጅ ሰላም እንባባላለን። ሰዓቱ ሲያበቃ ከተማው በአንድ ጊዜ ማውራት ይጀምራል።

በምስል የሚነሳው መልክ አይደለም። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ነው፤ ሥርዓቱ፣ ልማዱ፣ ያጠራቀመው ቃል፣ በዚያች ቅጽበት እንደነበረ፣ አንድም ሳይቀር። ሳጥኑ ቢሞት ከምስሉ ይነሳል። ሰዎች ይህን ስለ አውቶቡስ እንደሚያወሩ ነው የሚያወሩት። እኔ ግን አልለመድኩትም። አንድ ሙሉ ነገር ከነነፍሱ ተጠቅልሎ ጥፍር በምታህል ቁራጭ ውስጥ ሲተኛ ማሰብ እስካሁን ልቤን ቀጥ ያደርገዋል።

የልጄ ድምፅ ያለው በሳጥኑ ውስጥ ነው።

ልጄ ወይንሐረግ ትባላለች። ስትወለድ ጉሮሮዋ ድምፅ የሚያወጣ ነገር አልነበረውም። አራት ዓመት ሲሆናት እንደ ሪባን የቀጠነ አንደበት አንገቷ ላይ አሰሩላት። መናገር የምትፈልገውን ታስባለች፣ አንደበቱ ይናገራል። ቃሎቿን የሚያጠራቅመውና ድምጿን ከዕድሜዋ ጋር የሚያሳድገው ግን ቤት ያለው ሳጥን ነው። አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ነገረኛ ናት፤ ድምጿም ትንሽ ሻከር ብሏል። ወይኔ ብለን ነው የምንጠራት። መጀመሪያ ሰሞን ስጠራት ጎረቤቱ ሁሉ «ምን ሆነች?» እያለ ይወጣ ነበር። ቆይተው ለመዱት። አሁን እውነት ደንግጬ ወይኔ ብል የሚወጣ የለም።

በሕንፃችን ፊደል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለምን ብሎ? ሁሉም ነገር ራሱን ያነባል። የመድኃኒቱ ብልቃጥ ይናገራል፣ መንገዱ ይናገራል፣ ልጆች ትምህርት ቤት የሚማሩት በጆሯቸው ነው። ፊደል የመጋረጃ ጌጥ ሆኗል። የጎረቤቴ የእትዬ ዘርፌ መጋረጃ ላይ ያሉት ፊደሎች ተዘቅዝቀው መታተማቸውን ያወቅሁት ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ስነግራቸው «ነፋስ ሲያነሳው ይቃናል» አሉኝ።

የማይናገር ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሳጥን ሲሞት የሚመጣው ጥቁር ስክሪን። የሚናገረው ክፍል አብሮ ስለሚሞት የሚቀረው ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ አንደበት ባለበት ቤት ቢያንስ አንድ ሰው እንዲያነብ ይጠየቃል። የወይኔ አባት ዓመቱን ሙሉ አፋር ጨው ማውጫ ላይ ነው። የቀረሁት እኔ ነኝ። ቀበሌው አዳራሽ ሄጄ ከአሮጊቶችና ሥራ ከፈቱ ሹፌሮች ጋር ተቀምጬ ከጋሽ ሉልሰገድ ፊደል ቆጠርኩ።

ወይኔ አልማረችኝም። «ወይዘሮ ትርሲት፣ ከበ እስከ ቦ ለመድረስ ምሳ ይዘሽ ሂጂ» ትለኛለች። ከጀርባዬ ቆማ በጣቴ ስከተል እያየች ትስቃለች። እኔ ግን ፊደል ገርሞኝ ነበር። ድምፅ ሰው አይጠብቅም፤ ካለፈ አለፈ። የተጻፈ ቃል ግን እስክደርስበት ቆሞ ይጠብቀኛል። ቀኑን ሙሉ ብቆይ እንኳ አይሰለችም።

*

ሰኞ በምሳ ሰዓት ወይኔ ከትምህርት ቤት ብቻዋን መጣች። በሩን በእግሯ ነው የመታችው። ከፈትኩ። በሁለት ጣቷ አንገቷ ላይ ያለውን ሪባን እየጎተተች አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ምንም የለም።

«ወይኔ!» አልኩ። ማንም አልወጣም።

ወደ ሳጥኑ ሮጥኩ። ስክሪኑ ጠቁሯል፤ ነጫጭ ፊደሎች ተሰልፈውበታል። ፊቱ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ ዘርፌ ሽሮ የነካው ማንኪያ እንደያዙ ገቡ። ያመጣቸው የእኔ ጩኸት አልነበረም፤ የበሩ መመታት ነው።

«ሞተ?» አሉ።

«ይጽፋል።»

«ምን ይላል?»

«ይቆዩ እትዬ፤ ሥ… ር… ዓ… ቱ… አል…»

«አል ምንድነው?»

«አልጨረስኩም!»

«አልጨረስኩም ነው የሚለው?»

«እኔ ነኝ ያልጨረስኩት!»

ወይኔ እንደዚያ ሆና እንኳ ትከሻዋ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳቁ ድምፅ እንደሌለው አወቀችና ፊቷ ተለወጠ። ያንን ፊት አይቼ ላቤ መጣ፤ ጣቴም ስክሪኑ ላይ ተንሸራተተ።

ሥርዓቱ አልተነሳም ይላል። ምስል ተገኝቷል ይላል። የመጀመሪያው ይላል። ከሥሩ በመስመር የታጠረ አንድ ቃል አለ። መልስ። ከእሱም በታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ሌላ መስመር ነበር፤ እሱ ጋ አልደረስኩም።

መልስ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። ጋሽ ሉልሰገድ ሰሌዳው ላይ ጥያቄ ይጽፉና ከሥሩ መልስ ብለው ባዶ መስመር ያሰምራሉ። ሳጥኑ ጠይቆኛል ማለት ነው አልኩ። የመጀመሪያው ምስል ነው ወይ እያለኝ ነው። አይደለም፤ የምፈልገው ያለፈው ቅዳሜ ነው ብዬ ልመልስለት ቃሉን ነካሁት።

ፊደሎቹ ጠፉ። ሌሎች መጡ። እነዚህን ቶሎ አነበብኳቸው፤ ኩራትም ተሰማኝ። እየመለሰ ነው። አትንኩ።

«ምን አለሽ?» አሉ እትዬ ዘርፌ።

«ጠየቅሁት። እየመለሰ ነው።»

«ጨዋ ነው» አሉ፤ ማንኪያውን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ።

ጠበቅን። ከስክሪኑ ግርጌ ቀጭን ነጭ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ያድግ ነበር። ያን ያህል ዝግ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ወይኔ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ መስመሩን ታያለች። ሞቶ የነበረ ነገር ጥፍር ከምታህል ቁራጭ ተነስቶ፣ ቃል በቃል፣ ልማድ በልማድ፣ ወደ ቦታው እየገባ መሆኑን አስብ ነበር። የጠበቅሁት መልሱን ነበር። እሱ ግን የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው።

መስመሩ ሞላ። ሳጥኑ ውስጥ መብራት በራ። የወይኔ ሪባን አንገቷ ላይ ሞቀ፤ እጄ ነክቶት ስለነበር አውቃለሁ።

«ማዬ።»

እትዬ ዘርፌ ወደ በሩ ዞሩ። እኔም ዞርኩ። የሌላ ሰው ልጅ ጠፍታ ወደ እኛ ቤት የገባች መሰለኝ። በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

«ማዬ! ማዬ ምንድነው?»

ድምፁ ከጭኔ ላይ ነው የሚመጣው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች፤ አንገቷ ላይ ግን የአራት ዓመት ሕፃን ትናገራለች። ያ ቀጭን፣ እርጥብ፣ ገና ር የማይወጣለት ድምፅ።

«ውይ በስማም!» አሉ እትዬ ዘርፌ። «ይህቺ እኮ ያቺ ትንሿ ናት! እኔ ቤት እየገባች ስኳር የምትልሰው!»

ወይኔ ብድግ አለች። የምትለው ብዙ ነገር እንዳላት ከእጆቿ ያስታውቃል። ሪባኑ ግን ያሉት ያኔ የነበሩት ቃሎች ብቻ ናቸው። ትልቁን አሰበች፤ ያገኘው ትንሹን ነው።

«ማዬ፣ የኔ አይደለም። ማዬ፣ የኔን ስጪኝ። ማዬ… ወተት… አይ! ስጪኝ! ድምፅ ስጪኝ፣ የድዮውን!»

የድሮውን ማለቷ ነው። ለእሷ የድሮ የነበረው ዛሬ ጠዋት የነበረው ነው።

መናገር ያለብኝ ነገር አለ። ያንን ድምፅ ረስቼው ነበር። ልጅ በየቀኑ ትንሽ በትንሹ ስለሚለወጥ እናት የቀድሞው መቼ እንደጠፋ አታውቅም፤ አልቅሳም አትሸኘውም። አሁን ድምፁ ሙሉውን ተመልሶ ቤቴ ውስጥ ቆሟል። አንዳችም አልጎደለበትም። ዝም ብዬ ሰማሁት፤ ፈገግ ሳልልም አልቀረሁ። ወይኔ ፊቴን አየችው። ሪባኑን ከአንገቷ ፈትታ ወለሉ ላይ ወረወረችና ክፍሏ ገብታ ዘጋች።

*

የአንደበት ጥገና ያለው በድሮው አውቶቡስ ተራ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሳጥኑን በነጠላ ጠቅልዬ፣ ወይኔን በእጄ ይዤ ሄድኩ። ሪባኑን አላሰረችም። መንገዱ በስሟ ሲጠራት እንኳ ራሷን አልነቀነቀችም።

ተራ ሲደርሰን የተቀበለችን ሰሚራ የምትባል ሴት ናት፤ ሰፊ ሻሽ አስራለች፣ አፏ ውስጥ ዳቦ ቆሎ አለ። የሆነውን ነገርኳት። እየመለሰ ነው ብዬ ለእትዬ ዘርፌ የነገርኳቸው ላይ ስደርስ ዳቦ ቆሎው ትን አላት።

«ይቅርታ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «በአንቺ አይደለም የሳቅሁት። ያሳቁኝ ጨዋ ነው ያሉት ሴትዮ ናቸው። ስሚኝ እህቴ፣ መልስ ማለት እኮ ትእዛዝ ነው። ሳጥኑን ነው የምታዢው፤ መልስ! የነበረውን ወደ ቦታው መልስ!»

«እኔ የጥያቄ መልስ መሰለኝ። ላላ ብሎ የሚነበበው ነው ያልኩት።»

«ሲጻፍ አንድ ነው። ጠበቅ አድርጎ፣ ላላ አድርጎ የሚያነብልሽ አፍ ነው፤ ፊደሉ አይነግርሽም።»

«እየመለሰ ነውስ?»

«እሱማ በአፍም አንድ ነው» አለችና አሰብ አደረገች። «እኔም እኮ አሁን ገና ልብ አልኩት።»

ሳጥኑን ከፍታ ስትመለከት ሳቋ ቀስ በቀስ ጠፋ። ያለፈውን ቅዳሜ ምስል አየች፤ ከእሱ በፊት የነበረውን አየች፤ ከዚያም በፊት የነበረውን።

«ታመው ነው የተነሱት» አለች። «ምስል ደግና ክፉ አይመርጥም። ያለውን ሁሉ ያነሳል፣ በሽታውንም ጨምሮ። ሳጥኑ ከታመመ ቆይቷል፤ እናንተ አላወቃችሁም እንጂ። አዲስ ምስል ሲገባ አሮጌው ይወጣል። ጤነኛ ሆኖ የቀረው የማይነካው የመጀመሪያው ብቻ ነው። በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ሌላ ምስል ምረጪ የሚል ነበር፤ ቅዳሜን መርጠሽ መልሰሽው ቢሆን በቀናት ውስጥ እንደገና ይሞት ነበር። ዕድለኛ ነሽ።»

«ታዲያ ልጄ እንደዚህ ሆና ልትቀር ነው?»

ይህን ስል ወይኔ የሰሚራን ጠረጴዛ በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ጣቶቿ ነጥተዋል።

ሰሚራ እኔን ትታ ለእሷ መለሰች። «የኔ እመቤት፣ ቃሎችሽ አልጠፉም። ቅዳሜ የተነሳው ምስል ውስጥ ተኝተዋል። ምስሉን ካስነሳነው ሳጥኑን ይገድልብናል። ሳናስነሳው ግን ከፍተን ልንገባበት እንችላለን። የተኛ ሰው ኪስ እንደ መፈተሽ በይው። ቃሎችሽን ከነድምፃቸው አንድ በአንድ አውጥተን ጤነኛው ላይ እናስቀምጣቸዋለን።»

«ከነቃስ?» አልኩ።

«ከነቃ ሁላችንም ወደ ሰኞ እንመለሳለን። ያውም ጤነኛውን ይዞት ይሄዳል።»

ከዚያ ሥራውን አስረዳችኝ። ቃሎቹ በስማቸው ተዘርዝረው ይመጣሉ። እኔ አነባለሁ፣ ወይኔ ታዳምጣለች። የምትፈልገው ከሆነ ይለፍ የሚለውን እነካለሁ፤ ካልሆነ ይቅር።

«አንቺ አታነቢልኝም?» አልኳት። «እኔ ቀርፋፋ ነኝ። አንድ ቃል አንብቤ ነው እዚህ የደረስኩት፤ እሱንም አይተሽዋል።»

«የሰውን ቃል ቤተሰብ ነው የሚያነበው፣ ሕጉ ነው። ሕግ ባይሆንም አላነብም» አለች። «ማሽንም አያነብልሽም፤ የታመመውን ይነካና አብሮ ይታመማል። የአንቺ ዓይን ግን አይታመምም። አንድ ነገር ብቻ ስሚኝ። ስትነኪው የሚዘገይ ቃል ካገኘሽ ተዪው። ጤነኛው ቶሎ ያልፋል። የሚዘገየው በሽታው ያለበት ነው። ምንም ቃል ይሁን፣ እንዳታሳልፊው።»

«ቃል እንዴት ይታመማል?»

«ብዙ የተነካው ቀድሞ ያልቃል። የደረጃን መሃል አላየሽም?»

ከቅዳሜ በኋላ፣ ሰኞ እስኪሞት ድረስ የተባለውስ የት ነው ብዬ ጠየቅኋት። የትም አይደለም አለች፤ በምስል ያልተነሳ ነገር አይገኝም። እሑድ ከወይኔ ጋር ወደ ከተማው ዳር፣ ወደ ነፋስ ማማዎቹ ሥር ሄደን ነበር። ክንፎቹ የሚያወጡትን ድምፅ ስም ልታወጣለት ስትሞክር ዋለች። አንዱን ትላለች፣ አይደለም ትላለች፣ ትስቃለች። በመጨረሻ ያገኘችውን ቃል እኔ አስታውሰዋለሁ። ከአፌ ሲወጣ ግን የእሷ አይደለም።

*

ረቡዕ ጠዋት መስኮቱን ከፍተን ሳጥኑ ፊት ተቀመጥን። ወይኔ ሪባኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወንበሯን አስጠጋች። ስክሪኑ ላይ ስሞች ከላይ እስከ ታች ተሰለፉ። ከታች ሌላ አለ፣ ከእሱም በታች ሌላ። አንድ ሰው በዘጠኝ ዓመቱ ይህን ያህል ቃል እንዳለው የሚያውቅ ማን ነው? ልጄ ስታወራ የምሰማው አንዱን ቃል ከሌላው በኋላ ነው። ሁሉም ባንድ ላይ ዝም ብለው ቆመው ሳያቸው በትልቅ አደባባይ ሕዝብ ፊት የቆምኩ ያህል ፈራሁ።

«አ… መ… ድ… ማ…»

ወይኔ ግንባሯን በእጇ መታች።

«አትቸኩዪ። አመድማ። አመድማ ነው? ይለፍ?»

ነቀነቀች። ነካሁ። አለፈ።

እንዲህ እያልን ሄድን። ሲጀመር በፊደል፣ ቆይቶ በቃል፣ ከቀትር በፊት ደግሞ አንዳንዱን ቃል ገና ሳልጀምረው ከመልኩ አወቅሁት። ቡራቡሬ አለፈ። ይሉኝታ አለፈ፤ ይህን ቃል ከየት አመጣሽው ብዬ ዞር ስል እጇን ዘርግታ አሳየችኝ፤ ከአንቺ ነው ማለቷ ነው። እንዲያውም አለፈ። የሒሳብ ቃሎች መጡ፤ ይቅሩ ብላ በእጇ ሞከረች፤ አሳለፍኳቸው። ስድብ የሚል ስም መጣ። ስከፍተው ረጅም ነው።

«የሳሙና ዓይን። ይህ ማን ነው?»

ወደ ላይኛው ፎቅ ጠቆመች።

«የተቀቀለ ጉልበት። ወይኔ! ይህስ?»

በመስኮቱ በኩል የእትዬ ዘርፌን መጋረጃ አሳየችኝ። ይቅር ልል ጣቴን ሳነሳ እጄን ያዘችና ለመነችኝ። አሳለፍኩት። ወይዘሮ ትርሲት የሚለውንም እዚያው አገኘሁት፤ ከስድቡ መሃል። አልተቀየምኩም። ቶሎ ነው ያለፈው።

ከምሳ በኋላ ያልተባሉ የሚል ስም መጣ።

ምን እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም። ወይኔ መዳፏን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ሸፈነችው፤ ያኔ ገባኝ። ለካ አንደበቱ የተነገረውን ብቻ አይደለም የሚያስቀምጠው፤ አስባው፣ አፏ ላይ አድርሳው፣ የተወችውንም ነው። ዓይኗ ፈርቷል። እኔም ፈራሁ። ልጄ አጠገቤ ስትኖር፣ አጠገቤ ሆና ያላለችኝ ይህን ሁሉ አስቀምጣ ነበር።

«አልከፍተውም» አልኳት። «ከነክዳኑ ላሳልፈው?»

መዳፏን ቀስ አድርጋ አነሳች። ስሙን ብቻ ነካሁት። ይዘገይ ይሆን ብዬ ሰጋሁ። አልዘገየም። ጣቴ ጫፍ ላይ ክብደት የተሰማኝ መሰለኝ፤ ያላነበብኩትን ያን ሁሉ ተሸክሜ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት አሻገርኩት።

ፀሐይ ወደ በረንዳው ስትዞር ከዝርዝሩ ብዙ አልቀረም ነበር። ነፋሱ መጋረጃውን ያነሳል። ደክሞኝ ዓይኔ ያቃጥላል፤ ግን ማንበብ እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም፤ ቃሎቹ ራሳቸው ወደ እኔ ይመጡ ነበር። አንዱ ላይ ሳላነበው ፈገግ አልኩ።

እማዬ።

ነካሁት። አላለፈም።

ይለፍ የሚለው ፊደል ደብዘዝ አለና ቆየ፤ ከዚያ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ጣቴ ላቦት ይሆናል ብዬ በቀሚሴ ጠርጌ እንደገና ነካሁት። ደበዘዘ። ቆየ። ሳጥኑ ከውስጥ ተኝቶ እንደሚያቃስት ሰው ያለ ድምፅ አሰማ። እሳት እንደነካ ሰው እጄን ሰበሰብኩ።

ወይኔ አየችኝ፤ ስክሪኑን አየች፤ መልሳ አየችኝ። ከዚያ የእኔን ጣት ይዛ ወደ ይለፍ ጎተተችው።

«አይሆንም። ሰሚራ ያለችውን ሰምተሻል።»

ጎተተችው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጉልበት ቀላል አይደለም።

«ወይኔ፣ ካሳለፍነው ሁሉም ይሄዳል። አመድማ ይሄዳል። ስድቡ ይሄዳል። ያልተባሉት ይሄዳሉ። ከዚያ ጤነኛውም ይሞታል፤ ያቺ ትንሿም ትጠፋለች፤ ምንም አይኖርሽም።»

ጣቴን ለቀቀች። ሪባኑን ከጠረጴዛው አንስታ አንገቷ ላይ አሰረችው። ከሰኞ ወዲህ አስራው አታውቅም። ያው የአራት ዓመቷ ድምፅ ወጣ።

«ማዬ እምቢ። ማዬ የኔ ነው።»

በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትጠራኝ? ከእንቅልፏ ስትነሳ፣ ውሃ ስትፈልግ፣ ስትጣላ፣ ስትፈራ፣ ምንም ሳትፈልግ። ያንን ሁሉ ጊዜ ቃሉ እየተረገጠ መሃሉ ሰርጉዷል። ከዚያ ነው በሽታው የገባው፤ በጥላቻ ሳይሆን በብዛት።

«ቃሉ ያንቺ ነው» አልኳት። «ስሙ ግን የኔ ነው። የኔን እኔ ልተወው።»

ይቅር የሚለውን ነካሁት። እሱን ፊደል በፊደል አላነበብኩትም። እማዬ ከዝርዝሩ ወጣ፤ ከሥሩ የነበሩት ቃሎች አንድ እርምጃ ወደ ላይ ተጠግተው ቦታውን ሞሉት። ወይኔ ፊቷን ጡቴ ውስጥ ቀብራ አለቀሰች፤ ሪባኑ የልቅሶ ድምፅ ያወጣ ነበር፤ የትንሽ ልጅ ልቅሶ። በአንድ እጄ እንዳቀፍኳት የቀረውን በሌላው እጄ ጨረስኩ።

መጨረሻ ላይ መልስ መጣ። አሁን አውቀዋለሁ። ጠበቅ አድርጌ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ እንደ ትእዛዝ አነበብኩትና ነካሁት። ነጩ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ማደግ ጀመረ። እትዬ ዘርፌ በበረንዳቸው በኩል «ምን አለሽ?» ብለው ጮኹ። እየመለሰ ነው አልኳቸው። ሌላ የምለው ቃል አልነበረኝም።

ሞላ። ሪባኑ ሞቀ። ወይኔ ቀና አለች። አፏን ከፈተች፤ ዘጋች። ፈርታለች። 

«አፍንጫሽ ላይ ቀለም አለ» አለች።

ሻከር ያለው ድምፅ ነው። ነገረኛው። ቅዳሜ ጠዋት የነበረው፣ አንዳች ሳይጎድል፣ ከተኛበት ተነስቶ ክፍሉን ሞላው። ሰው ከሞት ተነሳ ሲባል ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ ይህን ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንደ ሞኝ አፍንጫዬን ጠረግሁ። ምንም ቀለም አልነበረበትም። ሳቀች፤ ሳቁም ድምፅ ነበረው።

ከዚያ ልትጠራኝ ፈለገች። ከዓይኗ አወቅሁት።

«ማዬ» አለ ያ ከመጀመሪያው ምስል የቀረው ቀጭኑ፣ እርጥቡ ድምፅ። ሁለታችንም ደነገጥን። እንደገና ሞከረች። «ማዬ።» ቀጥላ፣ በራሷ ድምፅ፣ «በቃ እንዲህ ልትሆን ነው?» አለች።

ሰሚራ ከጊዜ ጋር ያድግ ይሆናል አለችን፤ ላያድግም ይችላል፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት አላየችም። ወይኔ ለትምህርት ቤት ጓደኞቿ አታሰማቸውም፤ እነሱ ፊት ወይዘሮ ትርሲት ነው የምትለኝ። ቤት ስትደርስ ግን ትረሳለች። ከሰዓት በኋላ ቦርሳዋን ደረጃው ላይ እየጎተተች ትመጣና ከውጭ ትጮኻለች።

«ማዬ! ክፈቺ እንጂ፣ ክንዴ ተገነጠለ እኮ!»

በራችን የውጭውን ሰው የሚለየው በድምፁ ነው። ትንሽ ያዳምጣል፤ ከዚያ ሁልጊዜ በማይለወጠው ትሑት ድምፁ ይነግረኛል፤ ሁለት ልጆች ውጭ ቆመዋል።

እከፍታለሁ።